ነፋስ ሲነሣ የሚጠፋው መስመር፦ ከፖስታ ቤት እስከ ወንጂ መንገድ

ሰኞ፣ የካቲት 2 ቀን 2018 ዓ.ም.

አንድ የግንባታ ዕቃ አከፋፋይ ዛሬ ጠዋት አስጠሩኝ። ዋና ቢሯቸው አዳማ ፖስታ ቤት አካባቢ ጂ ፕላስ 3 ሕንፃ ላይ ነው፤ መጋዘናቸው በወንጂ መንገድ በኩል። በአየር ሲለካ በሁለቱ መካከል 2.4 ኪሎ ሜትር አለ። ኢንተርኔት የሚገባው ዋናው ቢሮ ነው፤ መጋዘኑ የሚያገኘው በሁለቱ ጣሪያዎች ላይ ፊት ለፊት በተተከሉ አንቴናዎች አማካይነት ነው። የሽያጭና የሒሳብ ፕሮግራሙም ያለው ዋናው ቢሮ ኮምፒውተር ላይ ስለሆነ መስመሩ ሲጠፋ መጋዘኑ ደረሰኝ መቁረጥ አይችልም። አይሱዙዎቹ ጭነው ጨርሰው በር ላይ ደረሰኝ ሲጠብቁ ይውላሉ።

የተነገረኝ ችግር አንድ ቃል ነው፦ “ይቆራረጣል።” መቼ? “ሁልጊዜ።” እንዴት? “ዝም ብሎ።”

ባለቤቱን ሁሉም ሰው ጋሼ ነው የሚላቸው። ትዕግሥታቸው አልቋል። ከእኔ በፊት ሁለት ባለሙያ መጥቶ ነበር፤ አንዱ ራውተር አስቀይሯቸዋል፣ ሌላው የዋናውን ቢሮ አንቴና ትንሽ አዙሮ ሄዷል። ኢንተርኔት አቅራቢው ዘንድም ሦስት ጊዜ ሄደው አቤት ብለዋል። “ልጄ፣ የፈለገውን ያህል ያውጣ፤ ትልቅ ዲሽ ግዛና ገላግለኝ” አሉኝ። “ጋሼ፣ አንድ ሳምንት ይስጡኝ፤ እስከዚያ ምንም አንገዛም” አልኳቸው። ደስ አላላቸውም፤ ግን እሺ አሉ።

መጋዘኑ ስደርስ ነገሩ ከኢንተርኔት ያለፈ መሆኑ ገባኝ። ሒሳብ ሠራተኛዋ ልወጣ ስል በር ድረስ ተከትላኝ መጣችና ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ “ወንድሜ፣ እባክህ በደንብ እየው። የጥር ሒሳብ ሲዘጋ የገንዘብ ጉድለት ተገኝቶብኛል፤ ከደመወዝሽ ይቆረጣል ተብያለሁ። እኔ የነካሁት ነገር የለም” አለችኝ። መስመሩ ሲጠፋ የጀመረችው ደረሰኝ የት እንደሚገባ አታውቅም፤ ስክሪኑ ደርቆ ይቆይና ሲመለስ እንደገና ትሞላለች። ይህን ከሰማሁ በኋላ ከሥራዬ ክፍያ ይልቅ እሷ ናት ከአእምሮዬ ያልወጣችው።

ማክሰኞ፣ የካቲት 3

የመጀመሪያ ሥራዬ መስመሩን በእግር መከተል ነበር፤ ከሒሳብ ሠራተኛዋ ጠረጴዛ እስከ ዋናው ቢሮ ራውተር ድረስ ምን ምን እንዳለ። ከመጋዘኑ ስዊች (ኮምፒውተሮቹን ከሚያገናኘው ሳጥን) የሚነሣ ኬብል ጣሪያ ላይ ወዳለው አንቴና ይወጣል። ከዚያ አየሩ አለ። ከዚያ የዋናው ቢሮ አንቴና፣ ከእሱ ወደ ታች የሚወርድ 45 ሜትር ያህል ኬብል፣ ራውተሩ፣ በመጨረሻም የአቅራቢው መስመር። “ይቆራረጣል” የተባለው ከእነዚህ በአንዱ ወይም በብዙዎቹ ላይ ነው።

መጋዘኑ ውስጥ አንድ አሮጌ ላፕቶፕ አስቀመጥኩ። በየሰከንዱ ለአምስት ቦታ ፒንግ፣ ማለትም “አለህ?” የሚል አጭር ጥያቄ፣ ይልካል፦ ለመጋዘኑ ስዊች፣ ለመጋዘኑ አንቴና፣ ለዋናው ቢሮ አንቴና፣ ለዋናው ቢሮ ራውተር፣ እና ውጭ ኢንተርኔት ላይ ላለው የጉግል አድራሻ 8.8.8.8። መልስ ሲጠፋ ከየት ጀምሮ እንደጠፋ ማየት ነው ዓላማው። የራሳችን አንቴና ካልመለሰ ችግሩ ከእኛ ኬብል ነው። እሱ እየመለሰ ማዶ ያለው ዝም ካለ ችግሩ አየር ላይ ነው ወይም ማዶ ያለው አንቴና ጠፍቷል። የዋናው ቢሮ ራውተር እየመለሰ ውጭው ብቻ ከጠፋ ደግሞ አቅራቢውን መጠየቅ ተገቢ ነው። ደህና በሆነ ሰዓት ከአንቴና አንቴና ያለው መልስ 2 ወይም 3 ሚሊሰከንድ ነው፤ ይህም ደኅና መሆን የሚችል መስመር እንደሆነ ነገረኝ።

ለሒሳብ ሠራተኛዋም አንድ ደብተር ገዝቼ ሰጠኋት። በተቋረጠ ቁጥር ሰዓቱን፣ “ጭራሽ ጠፋ” ወይም “ዘገየ” የሚለውን፣ በዚያ ሰዓት ምን እየሠራች እንደነበር ትጽፋለች። ማሽን የማያየውን ሰው ያየዋል።

የመጋዘኑ አንቴና ዩ.ፒ.ኤስ. (መብራት ሲሄድ በባትሪ የሚያቆይ መሣሪያ) ላይ ስለተሰካ ለ19 ቀናት አልጠፋም። በውስጡ ያለው ሎግ (መሣሪያው የሆነውን ሁሉ የሚመዘግብበት) እንዳለ ነበር፤ እንዳይጠፋ ከሁሉ በፊት ወደ ላፕቶፔ ገለበጥኩት። ይህን ያደረግኩት ከልማድ ነበር፤ በኋላ ግን ትልቅ ጥቅም ሰጠ።

ረቡዕ፣ የካቲት 4

ዛሬ መብራት ሁለቴ ሄደ። ሁለቴም ዋናው ቢሮ ያለው ራውተር አልጠፋም፤ ዩ.ፒ.ኤስ. አለው። መስመሩ ግን ጠፋ። ጠረጴዛው ሥር ገብቼ ሳይ የጣሪያው አንቴና ኃይል የሚያገኝበት አዳፕተር የተሰካው ግድግዳ ሶኬት ላይ ነው። መብራቱ ለሁለት ሰከንድ ብልጭ ቢል እንኳ አንቴናው ጠፍቶ ተነሥቶ ማዶውን ፈልጎ እስኪገናኝ ሁለት ደቂቃ ያህል ይፈጃል። አዳፕተሩን ወደ ዩ.ፒ.ኤስ. አዛወርኩት። አሥር ደቂቃ አልፈጀም።

ሐሙስ፣ የካቲት 5

ቀኑን ሙሉ የፈጀብኝ የሰዓት ጉዳይ ነው።

የሒሳብ ሠራተኛዋ ደብተር “ከሰዓት 9:10 ጭራሽ ጠፋ” ይላል። ላፕቶፑ በዚያ ሰዓት ምንም አላየም፤ በ15:10 ግን መቋረጥ አለ። ራውተሩ ደግሞ 12:10 ብሎ መዝግቦታል። ሦስቱም አንድ ደቂቃ ናቸው። እሷ በእኛ ሰዓት ትጽፋለች፣ ላፕቶፑ በ24 ሰዓት አቆጣጠር፣ ራውተሩን ያዋቀረው ሰው ደግሞ የምሥራቅ አፍሪካን ሰዓት ስላላስገባለት ሦስት ሰዓት ወደ ኋላ ቀርቷል። ከእኔ በፊት የመጣው ባለሙያ “ሠራተኛዋ በምትለው ሰዓት ሎጉ ላይ ምንም የለም” ብሎ ሪፖርት እንዳደረገ ሰማሁ። ያ ወረቀት ጋሼ ዘንድ እሷን ውሸታም አስመስሏታል። በጣም አሳዘነኝ። እሷ የጻፈችው ልክ ነው፤ ያላነበባት ሰው ነው የተሳሳተው።

አንቴናዎቹማ ጭራሽ ባትሪ ያለው ሰዓት የላቸውም። ኃይል አግኝተው በተነሡ ቁጥር ከጃንዋሪ 1970 ይጀምራሉ። እንደዚያም ሆኖ ከተነሡበት ጊዜ ጀምሮ በትክክል ስለሚቆጥሩ፣ አሁን ያለውን ልዩነት አንድ ጊዜ ካወቅኩ የኋላውን ሁሉ ማስተካከል እችላለሁ። የመጋዘኑን የ19 ቀን ሎግ በዚህ መንገድ ወደ እኛ ቀንና ሰዓት ቀየርኩት። ከዚያ ሁሉም መሣሪያ ሰዓቱን ከአንድ ቦታ እንዲወስድ አደረግኩ።

ቅዳሜ፣ የካቲት 7

ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ተነሣ። ዋናው ቢሮ ጣሪያ ላይ ስወጣ ልብሴን ሊገፈኝ ደረሰ። አዳማ ነፋሷን ለመብራት ያዋለች ከተማ ናት፤ በ2004 ዓ.ም. የተጠናቀቀው አዳማ አንድ 51 ሜጋዋት፣ በ2007 የተመረቀው አዳማ ሁለት 153 ሜጋዋት እንዲያመነጩ የተተከሉት እዚሁ ከተማዋ ጥግ ነው። በበጋ የሚነፍሰውን ነፋስ እዚህ ያደገ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። እናም መስመሩ ከሰዓት በኋላ የሚጠፋው በነፋስ እንደሆነ ሁሉም ይስማማል፦ “አንቴናው ይወዛወዛላ!”

ነፋስ ነው ማለቱ ልክ ነው። ይወዛወዛል የሚለውን ግን ቁጥሩ አልደገፈውም። የእነዚህ አንቴናዎች ጨረር ስፋቱ 18 ዲግሪ ገደማ ነው። ምሰሶው ሁለት ዲግሪ ቢዘም እንኳ የሚቀንሰው ሲግናል ከግማሽ ዲቢ (የሲግናል ጥንካሬ መለኪያ) በታች ነው። ነፋሱ እያገሳ ሳለ የሲግናሉን ቁጥር ቁጭ ብዬ አየሁት፤ −68 ላይ እንደቆመ ነው። ጋሼ የተመኙት ትልቅ ዲሽ ቢሆን ኖሮ ግን ጨረሩ ወደ አምስት ዲግሪ ይጠብና በዚያው ውዝዋዜ ይታመም ነበር። ያን ቀን ባለመግዛታችን ደስ አለኝ።

ታዲያ ነፋሱ የሚያንቀሳቅሰው ምንድን ነው?

ወደ መጋዘኑ ሄድኩ። ላፕቶፑ ላይ በአንድ ሰዓት ውስጥ ሰባት መቋረጥ አለ፤ ሁሉም የሚጀምሩት ከራሳችን አንቴና ነው። አየሩ ጋ አልደረሰም። አንቴናው ግን አልጠፋም፤ የተነሣበት ጊዜ ቆጠራው ሳይቋረጥ ይቀጥላል። የጠፋው የኬብሉ ፖርት (መሰኪያ) ብቻ ነው፤ ይወርዳል፣ ይነሣል፣ ይወርዳል፣ ይነሣል።

ግቢው ውስጥ ቆሜ ወደ ላይ ስመለከት ጥበቃው አባባ መጡ። አንቴናውን በአገጫቸው እያመለከቱ፣ “ልጄ፣ እሱን ትተህ ገመዱን እየው። ነፋስ ሲነሣ ቆርቆሮውን የሚደበድበው እሱ ነው። መጀመሪያ የሰማሁት ሌሊት ሌባ መስሎኝ ዱላዬን ይዤ ዞሬያለሁ” አሉኝ። ለማን ነግረው እንደነበር ጠየቅኳቸው። “ማን ጠየቀኝ?” አሉ።

ከጣሪያው ጫፍ እስከ መስኮቱ አራት ሜትር ያህል ኬብል ሳይታሰር ተንጠልጥሏል። ነፋሱ በመጣ ቁጥር ከቆርቆሮው ግድግዳ ጋር ይላተማል፤ ክብደቱ ሁሉ ያረፈው አንቴናው ሥር ባለው ሶኬት ላይ ነው። ረዳቴ መሰላሉን ይዞልኝ ወጣሁ። ጫፉን ነቅዬ ሽፋኑን ስገፍ አረንጓዴዋ ሽቦ፣ ከስምንቱ ስድስተኛዋ፣ ሶኬቱ ጋ ተበጥሳለች። ጫፍና ጫፏ ሲነካካ መስመር አለ፤ ሲለያይ የለም። መረጃ የሚያልፈው በ1፣ 2፣ 3 እና 6 ነው፤ ለአንቴናው ኃይል የሚሄደው በ4፣ 5፣ 7 እና 8። ለዚህ ነው አንቴናው በርቶ እያለ መስመሩ የሚሞተው፤ ለዚህም ነው መብራቱን አይቶ “ደህና ነው” ብሎ የሚሄድ ሰው የበዛው።

ሽቦዋን በቢላዋ ፋቅኳት። ከላይ ቀይ፣ ከውስጥ ነጭ። መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም ነው። ኬብሉ ላይ ካት 6 ተብሎ ታትሟል። የኔትወርክ ኬብል ደረጃዎች የሚፈቅዱት ንጹሕ መዳብ ብቻ ነው፤ አሉሚኒየም ኃይልን ይበልጥ ያባክናል፣ ከሁሉ የከፋው ደግሞ ደጋግሞ ሲታጠፍ ይሰበራል። ያለ ማሰሪያ በነፋስ ውስጥ የተንጠለጠለ የአሉሚኒየም ሽቦ መሰበሩ የጊዜ ጉዳይ ነበር።

ሰኞ፣ የካቲት 9

ዛሬ ዐቢይ ጾም ገባ። ጠዋት ፍራንኮ አካባቢ ባሉ ሱቆች ኬብል ፍለጋ ዞርኩ። ሳጥን ከመግዛቴ በፊት ጫፉን አስቆርጬ እፍቃለሁ፤ አንዳንዱ ነጋዴ ይህን አይወድም፣ ግን ሌላ መንገድ የለም። ሁለት ሱቅ ውስጥ ነጭ ወጣ። ሦስተኛው ሱቅ ውስጥ እስከ መሃሉ ቀይ የሆነ፣ ለፀሐይ የሚሆን ጥቁር ሽፋን ያለው አገኘሁ። ለሁለቱም ጣሪያ የሚበቃ ወሰድኩ፤ የዋናው ቢሮም ኬብል ከዚያው ዓይነት ስለሆነ ተራውን እስኪጠብቅ አልፈለግኩም።

የመጋዘኑን ቀየርነው። በየ40 ሴንቲ ሜትር ታሰረ፤ ሶኬቱ ጋ ክብደት እንዳያርፍ ምሰሶው ላይ ለብቻው አንዴ ተጠመጠመ፤ ወደ መስኮቱ ከመግባቱ በፊት ወደ ታች ዝቅ ብሎ እንዲዞር አደረግነው፣ የዝናብ ውሃ እዚያው እንዲንጠባጠብ። አባባ ከታች ሆነው እያንዳንዷን ማሰሪያ ተቆጣጠሩ። ሥራው ከእርሳቸው የተነሣ ስለነበር ደስ ብሏቸው ነበር፤ እኔም እንዲሁ።

ማታ ደብተሩንና ሎጉን ጎን ለጎን አስቀምጬ አመሳከርኩ። ከማክሰኞ እስከ ቅዳሜ ሒሳብ ሠራተኛዋ 23 ጊዜ ጽፋለች። 4ቱ መብራት ናቸው። 13ቱ ኬብሉ ነው። ከአቅራቢው የመጣው 2 ብቻ ነው፤ ጋሼ ሦስት ጊዜ ሄደው የተከራከሩት በዚህ በ2ቱ ዓይነት ነበር። የቀሩት 4 “ዘገየ” ተብለው የተጻፉ ናቸው፤ ከየትኛውም መቋረጥ ጋር አይገጥሙም።

ረቡዕ፣ የካቲት 11

ትናንትም ዛሬም ነፋስ አለ። ፖርቱ አንዴም አልወረደም። ስሕተት ቆጣሪውም ዜሮ ላይ ነው። ጋሼ ደውለው “አለቀ አይደል?” አሉኝ። አላለቀም አልኳቸው። ሒሳብ ሠራተኛዋ ዛሬም ሁለት ጊዜ “ዘገየ” ብላ ጽፋለች።

−68 የሚለው ቁጥር ከቅዳሜ ጀምሮ ሲከነክነኝ ነበር። የመጀመሪያው ተካይ የራውተሩ ሳጥን ክዳን ላይ በእስክሪብቶ −59 ብሎ ጽፏል። ማን እንደሆነ አላውቅም፤ እግዚአብሔር ይስጠው። በዚህ መለኪያ ወደ ዜሮ የቀረበ ቁጥር የበረታ ነው። በወረቀት ላይም አሰላሁት፦ ከአንዱ አንቴና የሚወጣው 20 ዲቢኤም፣ ሁለቱ አንቴናዎች እያንዳንዳቸው 19 ይጨምራሉ፣ 2.4 ኪሎ ሜትር አየር በ5.8 ጊጋኸርዝ 115 ይቀንሳል፤ የሚደርሰው −57 አካባቢ መሆን አለበት። የመጀመሪያው ሰው −59 ማግኘቱ ጥሩ ሥራ ነበር። እኛ ግን 9 ዲቢ ጎድሎናል፤ ይህም መድረስ ከነበረበት ኃይል የሚደርሰን አንድ ስምንተኛው ነው ማለት ነው። በዚህ ምክንያት አንቴናዎቹ የሚነጋገሩበት ፍጥነት ከ130 ሜጋቢት ወደ 52 ወርዷል። ጠዋት ይበቃል። ከሰዓት በኋላ ግን የጎረቤት ዋይፋይ ሁሉ ሲነቃ ጫጫታው ከ−95 ወደ −88 ይወጣና የቀረችው ትርፍ ታልቃለች፤ መጋዘኑም የሚጫንበት ሰዓት እሱ ነው።

የዋናውን ቢሮ አንቴና በዝግታ ወደ ግራ ወደ ቀኝ፣ ወደ ላይ ወደ ታች አዟዟርኩት። ያገኘሁት 1 ዲቢ ብቻ ነው። የተጣመመ አንቴና አይደለም እንግዲህ።

ሐሙስ፣ የካቲት 12

ጣሪያው ላይ ሆኜ በስልኬ ካሜራ አጉልቼ ሳይ የመጋዘኑ አንቴና ፍንትው ብሎ ይታያል። ረዳቴም “ምንም የከለለው የለም” አለ። ግን ትንሽ ዝቅ ብሎ፣ መንገዱ ላይ፣ አዲስ ሕንፃ እየተነሣ ነው። የባሕር ዛፍ መወጣጫው ዙሪያውን ከቦታል፤ ፌሮው ከላይ ቆሟል።

ለረዳቴ ያስረዳሁት እንዲህ ነው። በሁለት አንቴናዎች መካከል ያለው መንገድ የተወጠረ ክር አይደለም፤ ፈትል የተጠቀለለበት እንዝርት ነው፣ ጫፍና ጫፉ ቀጭን፣ ሆዱ ወፍራም። ዓይን የሚያየው የእንዝርቱን እንጨት ብቻ ነው፤ ሲግናሉ የሚጓዘው በፈትሉም ጭምር ነው። ሕንፃው ከዋናው ቢሮ 900 ሜትር ላይ ነው። እዚያ ቦታ ላይ የእንዝርቱ ውፍረት ከመሃሉ እስከ ዳሩ 5.4 ሜትር ይሆናል፤ ከዚያ ውስጥ ቢያንስ 60 በመቶው፣ ማለትም 3.2 ሜትር፣ ክፍት ሊሆን ይገባል። የዋናው ቢሮ አንቴና ከመሬት 17 ሜትር ላይ፣ የመጋዘኑ 12 ሜትር ላይ ስለሆነ፣ መስመሩ እዚያ ሕንፃ ላይ የሚያልፈው 15 ሜትር ከፍታ ላይ ነው።

ሕንፃው ዘንድ ሄድን። ፎርማኑ ጥላ ሥር ተቀምጧል፤ ረመዳን በዚሁ ሳምንት ስለገባ ጾመኛ ነው። “አካም ጅርቱ” ብለን ተጠጋን። የመጣንበትን ስነግረው መጀመሪያ ሥራ አቁሙ ልንለው የመጣን መሰለው። እንዳልሆነ ሲገባው ግን ተነሥቶ ራሱ ሜትር አምጥቶ ለካልን፤ የመወጣጫውና የፌሮው ጫፍ 13 ሜትር ደርሷል። ከመስመሩ ሁለት ሜትር ብቻ ነው ዝቅ ያለው፤ ፈትሉ ውስጥ ገብቷል። “ስንት ፎቅ ነው?” አልኩት። “ጂ ፕላስ 4” አለ። የቀረው ሲነሣ መስመሩን ጨርሶ ይዘጋዋል። ይህን ሳናውቅ ኬብሉን ቀይረን ብንተወው ኖሮ ከሁለት ወር በኋላ ጋሼ “ያው በሽታ ተመለሰ” ብለው ይደውሉልኝ ነበር።

ቅዳሜ፣ የካቲት 14

ሁለት አማራጭ ነበረኝ፦ ምሰሶውን በበያጅ ማስረዘም ወይም አንቴናውን ከቦታው ማንሣት። ረጅም ምሰሶ በዚህ ከተማ ነፋስ ውስጥ ተጨማሪ ማሰሪያ ይፈልጋል፤ መቼም ተጠግኖ አያልቅም። ስለዚህ በሳተላይት ካርታ ላይ ለካሁ። መስመሩ የሚያልፈው ከአዲሱ ሕንፃ ምሥራቃዊ ጠርዝ ስድስት ሜትር ወደ ውስጥ ገብቶ ነው። የዋናው ቢሮ ጣሪያ 24 ሜትር ርዝመት አለው። አንቴናውን በጣሪያው ላይ 20 ሜትር ወደ ሌላው ጥግ ብናዛውረው መስመሩ ሕንፃው ጋ ሲደርስ 12.5 ሜትር ይሸሻል፤ ከጠርዙ 6.5 ሜትር ውጭ ያልፋል ማለት ነው። ፈትሉ ሙሉ በሙሉ ነፃ ይሆናል፤ ሕንፃው ስንት ፎቅ ቢሆንም ግድ የለንም።

አዲሱ ኬብል በዚህ ምክንያት 65 ሜትር ሆነ፤ ለኔትወርክ ኬብል ከሚፈቀደው የ100 ሜትር ወሰን ብዙ ይቀረዋል። ንጹሕ መዳብ ስለሆነ ለአንቴናው ከሚሄደው 24 ቮልት የሚባክነው ሁለት ቮልት ገደማ ነው። ምሰሶውን በአራት ቡሎን ግድግዳው ላይ አሰርነው። ረዳቴ መጋዘኑ ጣሪያ ላይ፣ እኔ ዋናው ቢሮ ላይ፣ በስልክ እየተነጋገርን በየጥቂቱ አዞርን። −66። −62። −60። ከዚያ ረዳቴ “ጋሽዬ፣ 58! 58 ሆነ!” ብሎ ሲጮህ ታች ያሉት የአይሱዙ ሾፌሮች ሳይቀሩ ቀና ብለው አዩት። ፍጥነቱ ወደ 130 ተመለሰ። አዲሱን ቁጥር ከቀኑ ጋር ከመጀመሪያው ሰው ጽሑፍ ሥር ክዳኑ ላይ ጻፍኩት።

ሐሙስ፣ የካቲት 19

አምስት ቀን ሆነ። ደብተሩ ላይ አንድ መስመር ብቻ አለ፤ የአቅራቢው ነው፣ 11 ደቂቃ። በዚያ ሰዓት ኢንተርኔት ባይኖርም ፕሮግራሙ በሁለቱ ቢሮ መካከል ይሠራ ስለነበር ደረሰኝ አልቆመም።

የቀረኝ አንድ ጉዳይ ነበር። ዛሬ ጋሼ ባሉበት ከሒሳብ ሠራተኛዋ ጋር ተቀመጥን። የጥር ወር ደረሰኞችን አወጣን። ጉድለት የተባለው ከሦስት ሽያጭ ነው፤ ጥር 20፣ ጥር 26 እና ጥር 29። ሦስቱም ቀን ለአንድ ደንበኛ፣ አንድ ዓይነት ዕቃ፣ በሁለት ደቂቃ ልዩነት ሁለት ደረሰኝ ተመዝግቧል። ከመጋዘኑ አንቴና የገለበጥኩትን ሎግ አጠገቡ አደረግኩ። በሦስቱም ቀን፣ በሁለቱ ደረሰኞች መካከል፣ ፖርቱ ወርዶ ተነሥቷል።

የሆነው ይህ ነው። የመጀመሪያው ደረሰኝ ዋናው ቢሮ ደርሶ ተመዝግቧል፤ “ተመዝግቧል” የሚለው መልስ ግን ሳይመለስ ሽቦዋ ተለያይታለች። እሷ ያልደረሰ መስሏት እንደገና ሞላች። ገንዘቡን የተቀበለችው አንድ ጊዜ ነው፤ መዝገቡ የሚጠይቃት ሁለት ጊዜ።

“እንዲህ ከሆነ፣ ዕቃው መትረፍ አለበት” አሉ ጋሼ። የነጋዴ ጭንቅላት ነው፤ እኔ ወደዚያ ከመድረሴ በፊት ደረሱበት። መዝገቡ ሁለቴ የተሸጠ ያለው ዕቃ አንዴ ብቻ ከወጣ፣ ሌላው እዚያው መጋዘን ውስጥ ነው። ተነሥተን ቆጠርን። አባባም በሩን ዘግተው አብረውን ቆጠሩ። 18 ጣሳ ቀለም፣ 40 ቆርቆሮ እና 6 ካርቶን ምስማር ከመዝገቡ በላይ ተገኘ፤ በሦስቱ ደረሰኞች ላይ ካለው ጋር ልክ ነው።

ጋሼ ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ። ከዚያ ወደ እሷ ዞረው፣ “ልጄ፣ በድዬሻለሁ። ይቅር በይኝ” አሉ። የደመወዝ ቅነሳውን ወረቀት እዚያው ሰረዙት። እሷ ምንም አልተናገረችም፤ በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ጠረገችና ቀጣዩን ደንበኛ ጠራች።

ለረዳቴ የተውኩለት ሥራ፦ የሁለቱም ምሰሶ የመሬት ሽቦ ክረምት ሳይገባ፣ መብረቅ ሳይጀምር መታየት አለበት። የመጋዘኑ ምሰሶ ላይ ያለው ሽቦ መሬት ሳይደርስ ተቆርጦ ቀርቷል፤ ቅዳሜ ጠዋት እንሄዳለን።